የናቱ ካካ የባሚያ መደብ

ሁክማራም ሊፈታ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ወደዚህ የራጃስታን ክፍት ወህኒ ቤት ከተዛወረ ስድስት ወሩ ነው። እዚህ እስረኞች ጠዋት በዋናው በር ፈርመው ወደየሥራቸው ይወጣሉ፤ ሲመሽ ይመለሳሉ። ጥበቃው በአመዛኙ እስረኞቹ ከመካከላቸው በሚመርጡት ሸንጎ እጅ ሲሆን፣ የሸንጎው ሰብሳቢ ደግሞ ሁክማራም ነው።

ደንቡ አጭር ነው፤ አንድ ሰው ካመለጠ የሰብሳቢው መፈቻ በአንድ ዓመት ይራዘማል። ሚስቱ በበኩሏ ልትጠይቀው በመጣች ጊዜ ደንቧን አሳውቃዋለች።

«ጣራውን ሦስት ክረምት ብቻዬን ደፍኛለሁ። በአራተኛው ካልደረስክ እዚያው ደህና ጣራ ካለበት ኑር።»

የማታው ቆጠራ በስም ሳይሆን በራስ ነበር። የረድፍ አለቆች ቁጥራቸውን ይጠራሉ፣ ሁክማራም ይደምራል። ከጎደለ ደወል ይደወላል። ከበለጠ ጥፋቱ የቆጣሪ ነውና ተሳስቆ ይታለፋል፤ የሦስተኛው ረድፍ አለቃ ሁልጊዜ አንድ ሰው በማብዛት ስሙ ከጠፋ ቆይቷል።

ለሁክማራም ራስ ምታት የሆነበት ናቱላል ነው፤ ሁሉም «ካካ»፣ አጎቴ፣ የሚሉት የስድሳ ሁለት ዓመት ሸክላ ሠሪ። ካካ በምዕራቡ ግንብ ሥር ባሚያ ተክሏል። ጠባቂ ባለፈ ቁጥር ባሚያው ውስጥ ይጎነበሳል። ከባሚያው አጠገብ ደግሞ ጡብ መደርደር ጀምሯል።

«ካካ፣ ይሄ ጡብ ለምንድን ነው?»

«ለንፋስ መከላከያ። ባሚያ ንፋስ አይወድም።»

«ደረጃ ነው የሚመስለው።»

«ንፋሱስ በየት የሚመጣ መሰለህ?»

ሁክማራም የሦስተኛውን ረድፍ ሰዎች ስለ ካካ ጠየቀ። ሁሉም ሳቃቸውን ውጠው ጣራ ጣራ አዩ። አድማ ነው ሲል ደመደመ።

ሐሙስ ለተፈቺዎች የዝግጅት ትምህርት አለ። ካካ ማንም ሳይጠራው ፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠ። በቅርቡ ከከተማ የተመደበችው መምህርት ኪራን፣

«ቤት ስትከራዩ፣ አከራዩ ከየት እንደመጣችሁ ቢጠይቅ…» ብላ ሳትጨርስ ካካ ቀደማት።

«ፈገግ ብለን እውነቱን እንናገራለን።»

«ጎበዝ! ከዚያስ?»

«ከዚያማ በሩን ይዘጋዋል። አፍንጫን ራቅ ማድረግ ነው ልጄ፣ እሱን በትምህርቱ ውስጥ ጨምሪው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሁክማራም ግን አልሳቀም። በሕጋዊ መፈታት ተስፋ የቆረጠ ሰው ምን እንደሚያደርግ ያውቃል።

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ፣ ከቆጠራው በፊት፣ የፈራው ደረሰ። ካካ ግንቡ ላይ እንደ ግመል ጋላቢ ተፈናጧል፤ አንድ እግሩ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ። ብብቱ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ የማሽላ ቂጣ ይዟል። ሁክማራም ሮጦ ወዲህ ያለውን እግር ጨምድዶ ያዘ።

«ውረድ ካካ! ዘጠኝ ቀን በቀረው ሰው ላይ እንዲህ ይደረጋል?»

ሽማግሌው አልታገለም። የሁክማራምን ትከሻ ተደግፎ በእርጋታ ወረደና ጉልበቱን አሻሸ።

«ዕድሜ ይስጥህ። ይሄ ግንብ በየቀኑ የሚያድግ ነው የሚመስለኝ።»

«ታሾፍብኛለህ? አሁኑኑ ለአዛዡ ነው የምናገረው።»

የካካ ፊት ተለወጠ።

«ተው ሁክማ፣ በአባትህ! ከነገርከው አለቀልኝ። ከባሚያው እኩሌታውን ውሰድ።»

«ሚስቴን ባሚያ አያታልላትም!» አለና ክንዱን ይዞ እየጎተተ ወደ ቢሮ ወሰደው።

አዛዡ ሻክታዋት የቀኑን ደብዳቤ እየፈረሙ ነበር። ሁክማራም በረኛው ሳይፈቅድለት ገባ።

«ሳህብ፣ ናቱላልን ግንብ ላይ ይዤዋለሁ! ሳያመልጥ በፊት ያመለከትኩ እኔ መሆኔ ይመዝገብልኝ። ዘጠኟ ቀኔ እንዳትነካብኝ!»

አዛዡ ብዕራቸውን አስቀመጡ። ከበሩ ኋላ አንገቱን ደፍቶ የቆመውን ሽማግሌ ከእግር እስከ ራሱ አዩት፤ መነጽራቸውን አውልቀው ወለወሉና መልሰው አዩት።

«ናቱላልንማ ባለፈው ክረምት ቅጣቱን ጨርሶ ሲፈታ እኔው ራሴ የአበባ ጉንጉን አጥልቄለት በዋናው በር ሸኝቼዋለሁ።»