ሽሮው ውስጥ የተደበቀው

«ቱቦ ሳታስገቢ፣ ጉሮሮዬን ሳታዪ በምን አወቅሽ?» ብሎ ባልየው ዶክተሯ ላይ አፈጠጠ።

«በደም ምርመራውና በአልትራሳውንዱ። ጉበትዎ ጠጥሯል፤ ጉሮሮዎ ውስጥ ያሉት ደም ሥሮች አብጠዋል። ይህን ክኒን ካልዋጡ ይፈነዳሉ።»

«ጠንቋይ ነሽ!» ብሏት ወጣ፤ ክኒኑንም አልነካውም። ሚስቱ ግን እየፈጨች ሽሮው ውስጥ ትደብቅለት ጀመር።

አንድ ቀን ታናሽ ወንድሙ ደረሰባት። «ወንድሜን በመርዝ ልትገድዪው!» ብሎ ፀጉሯን ጨምድዶ ከግድግዳ ጋር አላተማት። «መድኃኒቱ ነው፣ በእመብርሃን!» ስትለው በቡጢ ጥርሷን አረገፈው። ክኒኑን ሽንት ቤት ጨመረው። ከዚያ ወዲያ ወንድሙን ራሱ እያበሰለ ያበላው ጀመር።

በሳምንቱ ባልየው እራት እየበላ ሳለ ከአፉ ደም ተንዠቀዠቀ። ወንድሙ በደም በተነከረ እጁ የሚስትየዋን ጉሮሮ አነቀ።

«ክኒኑን አምጪ!»