ዳኛው በራሱ ላይ የጻፈው ሪፖርት

«እኔ አይደለሁም! በእናትህ፣ እኔ አልነካሁትም!»

ዳኛው ለተከላካዩ ያወጣውን ቀይ ካርድ አላወረደም...

«ውጣ፣ አታስቸግር።»

«አንተ ብሎ ዳኛ! ሂድና ተማሪህን አንበርክክ!»

ተከላካዩ እንዲህ ሲለው ደጋፊው በሳቅ አወካ። ሰውየው ከሰኞ እስከ አርብ የሂሳብ መምህር፣ ቅዳሜና እሁድ ዳኛ መሆኑን ከተማው ሁሉ ያውቃል።

እሱ ግን እንባው መጣ...

በሚቀጥለው እሁድ የብሔራዊ ቡድን መራጮች ሊያዩት ይመጣሉ። በቀይ የወጣ ደግሞ ቀጣዩን ጨዋታ አይሰለፍም።

ዕድሜው ሃያ ስምንት ነው። ሌላ ዕድል የለውም።

ማክሰኞ ስልኩ ጠራ።

«ቅጣትህ ተነስቷል፤ ቶሎ ልምምድ ና!»

ክለቡ የተከራከረለት መሰለው። ተጫወተ... ተመረጠ... ኑሮው ተለወጠ።

አስራ አንድ ዓመት አለፈ። ተከላካዩ አሰልጣኝ ሆነ። ያንን ቀን ባነሳ ቁጥር «አንድ ዕውር ዳኛ ሊያጠፋኝ ነበር» ይላል።

አንድ ቀን ለአሰልጣኝነት ፈቃድ የድሮ ፋይሉን ከፌዴሬሽኑ ሲያስወጣ፣ በእጅ የተጻፈ ሪፖርት አገኘ።

«ፎቶ አንሺው ያነሳውን አይቻለሁ። በክርኑ የተማታው ሌላ ተጫዋች ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ያስወጣሁት ልጅ እንዳይቀጣ እጠይቃለሁ።»

ከሥር የዳኛው ፊርማ።

ከጀርባው ሌላ ደብዳቤ ተያይዟል...

«በዚህ ከባድ ስህተት ምክንያት ዳኛው ከኢንተርናሽናል ዳኝነት ዕጩነት ተሰርዟል።»

አሰልጣኙ በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደ።

መምህሩ ሸብተዋል። ፈተና እያረሙ ነበር።

«መምህር... ለምን አልነገሩኝም?»

«ምን ብዬ? አጥፊውም እኔ፣ ተመስጋኙም እኔ ልሁን እንዴ?»

«እኔ እኮ ዕውር ዳኛ እያልኩ ነው የኖርኩት!»

ሳቁ።

«እሱስ እውነትህን ነው... ያን ቀን አላየሁም።»

«ኢንተርናሽናል ሳይሆኑ መቅረትዎስ አይቆጭዎትም?»

እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

«እንዴት አይቆጨኝ! ግን ሰኞ ጠዋት ፈተና የኮረጁ ሁለት ተማሪዎች እየጠበቁኝ ነበር... በምን አፌ ልቆጣቸው?»

አሰልጣኙ አቀፋቸው።

ይህን የነገረኝ ራሱ አሰልጣኙ ነው፤ እኔ የጨመርኩት የለም። ዛሬም ያንን ቀን ያነሳል፤ ግን የሚጀምረው «አንድ ባለውለታ አለኝ» ብሎ ነው።

ትምህርቱ... ስህተታቸውን አርመው፣ ዋጋውንም ከፍለው ዝም የሚሉ ሰዎች አሉ። ምናልባት ዛሬም የምናማው እነሱን ይሆናል።

እናንተስ? ስታሙት ኖራችሁ፣ በኋላ ባለውለታችሁ ሆኖ ያገኛችሁት ሰው አለ?

ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ... በሕይወት ካለ ግን፣ መጀመሪያ ለእሱ ደውሉ።