የቀለም ቀቢዎቹ በር

የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኞች አድማ ከመቱ ወዲህ በዋናው በር ማንም ዝር አይልም። የጓሮው በር ግን የፋብሪካውን ግድግዳ ለሚቀቡት ቀለም ቀቢዎች ተትቶላቸዋል። የተዉላቸውም አድማ መቺዎቹ ራሳቸው ናቸው። «እናንተ የሌላ ሰው ቅጥር ናችሁ፤ ጠባችን ከእናንተ ጋር አይደለም» ብለዋቸው ነበር።

ዛሬ ጠዋት የቀቢዎቹ አለቃ ሰዎቹን አስከትሎ ሲመጣ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ሁሉም ቀለም የነካካው ቱታ ለብሰው ባልዲና ብሩሽ ይዘዋል። ከአድማ መቺዎቹ አንዷ፣ እትዬ አስካለ፣ ከጓሮው በር አጠገብ፣ አጥሩ ጥግ ተቀምጠው ከጓደኞቻቸው ጋር ፍርፍር ይበላሉ።

«ዛሬስ በዝታችሁ መጣችሁሳ!» አሉት ሳቅ ብለው።

«ሥራው... ሥራው በዝቶ ነው፣ እትዬ።»

«እሰይ፣ እናንተስ እንኳ ይብዛላችሁ። ና እስቲ ጉረስ።»

«በልቻለሁ።»

«በሞቴ!»

በሞቴ ከተባለ ወዲያ እምቢ ማለት አልሆነለትም። አፉን ከፈተ፤ ዓይናቸውን ግን ማየት አቃተው። እትዬ አስካለ አጉርሰውት ሲያበቁ ወደ ጓደኞቻቸው ዞረው፣ «ኧረ ጠጋ በሉ፣ ልጆቹ ይለፉበት!» አሉ።

ሰዎቹ እየተመረቁ አለፉ። እሱ መጨረሻ ገብቶ በሩን ዘጋው። ጉርሻው ጉንጩ ውስጥ እንዳለ ነው።

ሰዎቹ ባልዲና ብሩሹን አስቀመጡ፤ ቱታውን አውልቀው አስታቀፉትና ወደ ሽመናው ክፍል ገቡ። ጥቂት ቆይቶ፣ ከአድማው ወዲህ ጭጭ ብለው የከረሙት ማሽኖች መንኳኳት ጀመሩ።

ከአጥሩ ወዲያ ይሰማ የነበረው ሳቅ ቀጥ አለ።