በቀን የሚከፈል ለቅሶ

የእጅ ጽሕፈቴ ስለማያምር ይቅርታ አድርጉልኝ። ፊደልም እሳሳታለሁ፤ ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ስሜ ኢሪኒ ነው። እዚህ ግብፅ፣ ከሶሃግ ከተማ በታች ባሉት መንደሮች አስለቃሾች በቀን ማስከፈል የጀመሩት በእኔ ስግብግብነት ነው እየተባለ ስለሚወራ፣ ነገሩ እንዴት እንደሆነ ልጻፈው ብዬ ነው።

አክስቴ ዛህያ አስለቃሽ ናት። ሰው ሲሞት ይጠሯታል፤ እሷ ሙሾ ታወርዳለች፣ ሴቶቹ ይቀበሏታል። ድምፅዋ ከተዘጋ ወዲህ እኔን ይዛ መዞር ጀመረች። እኔ ሰው ፊት መናገር አልችልም። ጨው ልበደር ሄጄ፣ የጎረቤት በር ላይ ቆሜ ቆሜ ባዶ እጄን የምመለስ ልጅ ነኝ። ጥቁሩ ሻሽ ፊቴ ላይ ሲወርድ ግን ማንም ስለማያየኝ ድምፄ ይወጣል።

ሥራችን ደንብ አለው። ዋጋ የሚነገረውም የሚከፈለውም ከደጃፍ ውጭ ነው። የበሩን ደፍ ከተሻገርን በኋላ ስለ ገንዘብ ትንፍሽ አይባልም። አክስቴ ሁልጊዜ የምታስከፍለው በሬሳ ነበር፤ አንድ ሬሳ፣ አንድ ዋጋ። አስከሬኑ ከቤት ሲወጣ እኛም ሻሻችንን ጠቅልለን እንሄዳለን። ከተማ ውስጥ ግን በቀን የሚያስከፍሉ አሉ ሲባል ሰምቻለሁ። እነሱ በሦስተኛው ቀን ካህኑ መጥተው ሐዘኑን በጸሎት እስኪያነሡ ድረስ ከሐዘንተኛው ጋር ይቀመጣሉ።

ላምዒ የሚባለው ወጣት የሞተው የመስኖ ሞተር ሲያስነሣ ኤሌክትሪክ ይዞት ነው። ሠርጉ ስለተቃረበ ቤቱን ቀለም እየቀባ ነበር። አጎቱ ሻከር ደጃፉ ላይ ተቀበሉን።

«እንደ ዱሮው በሬሳ ነው አይደል?» አሉ።

አክስቴ አዎ ልትል አፏን ስትከፍት «በቀን ነው» አልኩ።

ሁለቱም ዞረው አዩኝ።

«ምን አልሽ አንቺ?»

«በቀን ነው፣ ጋሼ ሻከር። እስከ ሦስተኛው።»

«ልታለቅሺ ነው የመጣሽው ወይስ ግንብ ልትገነቢልኝ? በቀን ይላሉ እንዴ!»

አክስቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። «አይስሟት፣ ልጅ ናት። አንቺ ደግሞ፣ ዓመት ሙሉ የዘጋሽውን አፍ ዛሬ በሰው መከራ ላይ ትከፍቺዋለሽ?»

«በቀን ካልሆነ አልገባም» አልኩ።

ከውስጥ የሴቶቹ ጩኸት ይሰማል። የሚመራቸው ስለሌለ እያንዳንዷ ለብቻዋ ትጮሃለች፤ ይህ ደግሞ ለቤቱ ነውር ነው። ሻከር ወደ ውስጥ አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«እሺ፣ በቀን ይሁን! ይቺን አንገት ደፊ ነው መፍራት» አሉና በሩን ለቀቁልን።

አክስቴ ከመግባቷ በፊት ዘመድ ጠርታ ስለ ሟቹ ትጠይቃለች። ምን ይወድ ነበር፣ አመሉ እንዴት ነበር እያለች ትሰማለች፤ ሙሾው የሚሠራው ከዚያ ነው። ያን ቀን በዋጋው ስንጨቃጨቅ ጊዜው አለፈና ሳንጠይቅ ገባን።

መጀመሪያ በእናቱ አፍ አወረድኩ። ቀልዱን ሳይጨርስ ራሱ ቀድሞ የሚስቀውን፣ ዳቦውን ሁልጊዜ ከመሐሉ የሚቆርሰውን ልጅ ጠራሁት። እናቱ እትዬ ሙፊዳ ቀና ብለው አዩኝና ደረታቸውን መድቃት ጀመሩ። ቀጥሎ በእጮኛው በኒቪን አፍ አወረድኩ።

«ቀለሙ ሳይደርቅ ገና እጅህ ላይ፣
በየት በር ልግባ ፊትህን ሳላይ።»

ኒቪን ራሷን ሳተች። ሴቶቹ ተሯሩጠው ደገፏት፣ አቅፈው አስተኟት። አስለቃሽን ማንም አያቅፍም፤ ድምፅዋ እንዳይዘጋ ውኃ ነው የሚሰጧት። ውኃ ሰጡኝ።

በማግስቱ አንዷ ከኋላዬ «የዚች ልጅ እንባ አያልቅም እንዴ?» ስትል ሰማሁ።

«በቀን ነዋ የምትከፈለው!» አለች ሌላዋ። «አንቺስ ብትከፈይ ያልቅብሻል?»

አክስቴም እራት ላይ ተቆጣችኝ። «ቀስ በይ፣ ጉሮሮሽን ትቆርጪዋለሽ። ሥራ ነው፣ ለነገ አስተርፊ።»

«የከፈሉበት ነው» አልኳት።

በሦስተኛው ቀን ካህኑ መጡ፣ ጸለዩ፣ በየክፍሉ ጠበል ረጩ። ሐዘኑ ተነሣ። እኛ ከደጃፍ ወጣን፤ ሻከርም ገንዘቡን ይዘው ተከተሉን። እጃቸውን ሲዘረጉ እትዬ ሙፊዳ በሴቶች ተደግፈው ብቅ አሉ። ድምፃቸው አልቆ ነበር።

«ቆይ አንቺ ልጅ» አሉኝ። «የሁለቱን ቀን ውሰጂ፣ ይባረክልሽ። የዛሬዋን ግን ለልጄ ነፍስ ብለሽ ተዪልኝ። ለገንዘቡ ብዬ አይደለም። ከዘመድ ሌላ አንድ ሰው እንኳ እንዲያው ወዶት አለቀሰለት ልበል።»

አክስቴ «ተይላቸው እንጂ፣ ምን ነካሽ?» ብላ ጎሸመችኝ። ሻሼ ተገልጦ ስለነበር ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ።

«የተስማማነው በቀን ነው፣ እትዬ ሙፊዳ» አልኩ። እጄን ዘረጋሁ።

«አንቺ ልብ የለሽም» አሉ። ሻከር ገንዘቡን መዳፌ ላይ ጣሉት፤ አንዷ ሴት እግሬ ሥር ተፋች።

ከዚያ ወዲህ ስሜ ቀርቶ «ባለቀኗ» ነው የምባለው። እትዬ ሙፊዳ መንገድ ላይ ሲያዩኝ ወደ ማዶ ይሻገራሉ።

ለአክስቴም ሆነ ለማንም ያልነገርኩት ይህን ነው፤ አንዷን ቀን እንኳ በነፃ ባለቅስለት ኖሮ «ለመሆኑ አንቺ ምኑ ነሽ?» ይሉኝ ነበር።