የጂንካው ኬላ

ጂንካ ውስጥ ቦክሰኛ ነኝ የሚል ሁሉ መጀመሪያ ጎሚስታው ንጉሤን መግጠም ነበረበት። ሦስት ዙር በእግሩ ቆሞ የጨረሰ ለምርጫ ወደ አርባ ምንጭ ይላካል፤ የወደቀ ወደ እርሻው ይመለሳል። ከተማው ሰውየውን «ኬላው» ይለው ነበር፤ እሱም ስሙን ጠልቶት አያውቅም።

ንጉሤ ሃምሳ ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል። በንጉሡ ዘመን ወታደር ሳለ ለክፍሉ ይቦክስ ነበር። ሻምፒዮን ሆኖ ባያውቅም በቀላሉ የዘረረው ሰው የለም። አሁን የጭነት መኪና ጎማ እየፈታ ይለጥፋል። ውትድርናን ያነሳ ሰው ከመጣ ግን ጎማውን ትቶ ያወራል፤ ሰው የሆንኩት እዚያ ነው ይላል።

ኬላውን ያለፉት አራት ልጆች ብቻ ናቸው። አራቱም ከአርባ ምንጭ ለጦር ክፍል ቡድን ተመርጠው ሄዱ ተባለ፤ ከዚያ ወዲህ አንዳቸውም ጂንካ ብቅ አላሉም። ንጉሤ በዚህ ቅር ይለዋል፤ ሰው ሲያልፍለት አገሩን ይረሳል እያለ ያማቸዋል።

አምስተኛው አንጁሎ ሊሆን ይገባ ነበር።

ጊዜው 1976 ነው። በአየር ሜዳው ዳር፣ ከብቶቹ ተነድተው ገመድ በተወጠረበት ሣር ላይ፣ አንጁሎ ሦስቱንም ዙር ኬላውን ሲያንገላታው ቆየ። የመጨረሻው ደወል ሲደወል ልጁ እጁን አወረደ። ንጉሤ ደወሉን ሰምቷል፤ ሰምቶ መታውና ጣለው። ሕዝቡ ይጮህ ስለነበር ያወቀበት የለም፤ ዳኛውም ከደወሉ በፊት ነው ብሎ ፈረደለት። የአንጁሎ ግራ ዓይን በዚያው ጠፋ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እዚህ ግን መርሳት ያቃተው የወጋው ሆነ። ንጉሤ አንጁሎን ገበያ ባየው ቁጥር በሌላ መንገድ ይዞራል። በዓመቱ የመንደሩ ጎረምሶች ለብሔራዊ ውትድርና ሲጠሩ አንጁሎ በዓይኑ ምክንያት ተመለሰ። ንጉሤ ይህንን ሲሰማ በበደሉ ላይ ጨመረው፤ ልጁን ለወታደርነት እንኳ እንዳይበቃ አደረግሁት ብሎ ተንገበገበ።

ከዚያ በኋላ ደግሞ የልጁ እናት ማር ታመጣለት ጀመር።

አበዛሽ ባሏ የሞተባት፣ ሁለት ወንዶች ልጆች ያላት ገበሬ ናት። በየዓመቱ ማር ሲቆረጥ አንድ ቅል ሞልታ ጎማ መጠገኛው ደጃፍ ላይ ታስቀምጣለች። አንጁሎ ነው የቆረጠው ትለውና ትሄዳለች። ብትረግመው ይቀለው ነበር። ማሩን አንድም ቀን ሳይቀምስ ለጎረቤቱ ለወይዘሮ ከበቡሽ ይሰጣታል። ከበቡሽም መጽሐፉን ጠቅሳ፣ ለበደለህ መልካም ስታደርግ በራሱ ላይ ፍም ትከምራለህ ይላል፣ ሴትዮዋ ሥራዋን ታውቃለች አለችው። ማሩን ግን እሷ በላችው።

በ1980፣ አንድ ሐሙስ፣ አበዛሽ ያለ ወቅቱ ማር ይዛ መጣች።

«ጋሼ፣ ሶርሳም ቅዳሜ ካንተ ጋር ነው አሉ» አለችው። ሶርሳ ታናሹ ልጇ ነው። «ተው ብለው እምቢ አለኝ። ያለኝ አንተ ነህ። አደራ።»

ንጉሤ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። አንዱን አጠፋህብኝ፣ ይሄንን አትንካብኝ ማለቷ ነው ብሎ አሰበ። እሺ አላት። እንባዋን ጠርጋ ጉልበቱን ልትስም ጎንበስ ስትል ኀፍረት ገድሎት ከለከላት። እነዚያን ሁለት ቀናት እህል በአፉ አልዞረም።

ቅዳሜ ገበያው ሲፈታ ሰዉ ወደ አየር ሜዳው ጎረፈ። ሶርሳ የታላቁን ሩብ አይሆንም፤ በቁመቱና በጉጉቱ ብቻ የመጣ ልጅ ነው። ንጉሤ በመጀመሪያው ዙር ለወጉ ያህል ሁለት ሦስቴ ነካ አደረገው። የቦክሰኛ እናቶች እንዲህ ሲሆን ፊታቸውን ይሸፍናሉ፤ አበዛሽ ግን ገመዱን ጨብጣ ዓይኗን ሳትነቅል ታይ ነበር። በልቧ ትቆጥርብኛለች ብሎ ፈራ።

በሁለተኛው ዙር እጁን አወረደ። ሌላ ጊዜ ቢሆን የማይሰማውን ቡጢ አገጩ ላይ ተቀብሎ ወደቀ። መነሳት ይችል ነበር። ዳኛው እስከ አሥር ሲቆጥር አብሮት ቆጠረ። ኬላው ተሰበረ እያለ ከተማው ሶርሳን በትከሻው አነሳው።

ንጉሤ ሣሩ ላይ እንደተጋደመ ከአራት ዓመት ወዲህ ያላገኘውን እፎይታ አገኘ። በሰው እግር መሃል አበዛሽን አያት። መሬት ላይ ተቀምጣ ራሷን በሁለት እጇ ይዛለች። ደስታው ከአቅሟ በላይ ሆነባት አለ በሆዱ።

ሰኞ ጠዋት ኮቱን ለብሶ ሊሸኝ ወጣ። ሶርሳ ከጭነት መኪናው ላይ ሆኖ እየሳቀ እጁን አውለበለበለት፤ እሱም አውለበለበ። መኪናው ከዓይን ሲጠፋ አበዛሽ ሰዉን እየገፋች ወደ እሱ መጣች። ልታመሰግነኝ ነው አለ። ከተመሰገነ በኋላ የዚያን የደወሉን ነገር ሊነግራት፣ እግሯ ላይ ወድቆ ይቅርታ ሊላት ቆርጦ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ጋሼ፣» አለችው፣ «አንጁሎን ከጦርነት አስቀረህልኝ፤ ሶርሳን ምን በድዬህ ሰጠህብኝ?»