አቤት ባይ

«ለሻለቃችንም እርስዎ አቤት ይበሉላቸው እንጂ፣ እህቴ» አላት ሬዲዮ ኦፕሬተሩ፣ ወንበሯ ሥር ጎንበስ ብሎ። የሻለቃው ልጆች ባህር ማዶ ናቸው፣ ሚስታቸውም ጉልበቷን ያማታል፣ ስማቸው ተጠርቶ ዝም ከሚባል ያው አንድ ቤተሰብ አይደለን ወይ ብሎ ለመናት።

እሺም እምቢም አላለችውም። እሱ ዝምታዋን እንደ እሺታ ወስዶ ዱላውን እየተመረኮዘ ወደ መድረኩ አዘገመ።

አዳራሹ የትምህርት ቤት ነው። የሟቾቹ ፎቶ ከፊት ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ተደርድሯል። ከሄሊኮፕተር ክፍሉ በሕይወት ያለው ሬዲዮ ኦፕሬተሩ ብቻ ነው፤ ከፊሉን ጦርነቱ፣ የተረፈውን ደም ብዛትና ስኳር ጨርሶታል። በጦርነቱ ጊዜ ጠዋት ጠዋት በቅጽል ስማቸው እየተጠሩ አቤት ይሉ ነበርና፣ ዛሬም በዓመት አንዴ እሱ በቃሉ ይጠራል፣ ቤተሰብ ስለ ሟቹ «አቤት» ይላል። «ብሎን» ሲባል አቤት ባይዋ እሷ ናት። ብሎን ቴክኒሺያኑ ባሏ ነው።

አጠገቧ ልጇ ተቀምጣለች። አባቷ ሲሞት ገና በሆድ ነበረች፤ የምታውቀው ሻለቃው በየዓመቱ እዚሁ መድረክ ላይ ሲያወራው የኖረውን ነው። ጦር ሰፈሩ ሊያዝ ሲል የመጨረሻዋ ሄሊኮፕተር በቁስለኛ ጢም ብላ ነበር አሉ። ብሎን ሞተሯን አስነስቶ፣ ቦታውን ለአንድ ቁስለኛ ለቆ ወረደ፤ በዚያው ቀረ። ልጅቷ ይህን ወተት አድርጋ ነው ያደገችው። አውቶቡስ ላይ ሽማግሌ ቆሞ እሷ ተቀምጣ አታውቅም፤ ስትነሳም «የብሎን ልጅ ነኝ» ትላለች፣ ሰውየው ብሎን ማን እንደሆነ ያውቅ ይመስል።

ባለፈው ወር ሻለቃው ሞተና እናትየው ለቅሶ ደረሰች። ቀኑ ያቃጥል ነበር። ሚስትየዋ ከጥግ የቆመውን ነጭ ፍሪጅ ከፍታ ቀዝቃዛ ውሃ ቀዳችላት። እዚህ አዳራሽ ደርሳ አታውቅም፤ ከዚያ ሁሉ ለቀስተኛ መሃል ይህቺ የማን ሚስት እንደሆነች ከየት ታውቃለች?

«ዕቃ ድሮ ቀረ» አለች የፍሪጁን ጎን መታ መታ እያደረገች። «ይኸውልሽ፣ በመጨረሻዋ ሄሊኮፕተር ነው ሻለቃ ያመጣልኝ። ፓይለቱና እሱ ከፊት፣ ፍሪጁና ሶፋው ከኋላ። ክብደት በዛ ብሎ ፓይለቱ ቢያስቸግር አንዱን ቴክኒሺያን አስወረዱት። እሱው ነበር አሉ ተሸክሞ የጫነው፣ እጁ ይባረክ። በሚቀጥለው መጥቷል መሰለኝ።»

እናትየው ውሃውን ግማሽ ድረስ ጠጥታው ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሆድ ይፍጀው ብላ ተቀመጠች። ከሞቱ አሟሟቱ ይባላል፤ እሷን ያንገበገባት ግን አሟሟቱ ብቻ አልነበረም። ያ ሰውዬ መድረክ ላይ ቆሞ እንባውን ሲያፈስ መሐረብ የምታቀብለው እሷ ነበረች። በየዓመቱ አጥባ፣ ተኩሳ፣ አጥፋ። ለማን ትንገር? አፏን የከፈተች ቀን ልጇ ምን ይቀራታል? ከአባቷ የደረሳት ውርስ ያ የተለቀቀ ቦታ ብቻ ነው።

«ጭልፊት!» አለ ሬዲዮ ኦፕሬተሩ ከመድረኩ።

ይህ የሻለቃው ስም ነው። የሚያውቋት ሁሉ ወደ እሷ ዞሩ፣ እሷ ጥርሷን ነክሳ ፎቶውን ታያለች። ሌላ ምን አቅም አላት? ይኸው አንዲት «አቤት» ልትነፍገው ነው፤ እሱም እስቲ ተጠርቶ የሚደርስለት ይጣ። የማታ ማታ ያገኘቻት በቀል ይህቺው ናት፣ ትንሽም ብትሆን ጣፈጠቻት።

«አቤት!»

ልጇ ናት። ብድግ ብላ ቆማለች፣ አውቶቡስ ላይ እንደምትነሳው። ድምጿ ጥርት ያለ፣ አዳራሹን የሞላ። ሰው ከንፈሩን እየመጠጠ አደነቃት፣ ከኋላ አንዲት ሴት መረቀቻት። ቁጭ ስትል የእናቷን እጅ ጨበጥ አደረገች።

«አይዞሽ እማዬ፣ እንባ እንደያዘሽ አይቼ ነው። እኔ አልኩልሽ።»

እናትየው እጇን አልነጠቀቻትም። ምን ብላ ትነጥቃታለች!

«ብሎን!»

ተነሳች። የፊተኛውን ወንበር ደገፍ አለች። «አቤት» ከመልመዱ ብዛት ምላሷ ላይ ተዘጋጅቶ ይጠብቃት ነበር፤ መልሳ ዋጠችው።

«የለም» አለች።

አዳራሹ አጉረመረመ። እርጅና ነው አለ አንዱ፣ ሐዘኑ ተነስቶባት ነው አለች ሌላዋ። ልጇ ደንግጣ ጀርባዋን እያሻሸች፣ እማዬ ምን ሆነሽ፣ ምን ልበልሽ ትላታለች። ሁሉም አንገቱን አስግጎ ሬዲዮ ኦፕሬተሩ ስሙን ደግሞ እስኪጠራው ይጠብቃል።

እሱ ግን አልደገመውም። ምን ማለትዎ ነው ብሎም አልጠየቃት። ዓይኑን ከዓይኗ አሽሽቶ ጫማው ላይ ተከለው፤ የመጨረሻዋ ሄሊኮፕተር በተነሳችበት ቀን የሬዲዮው ማዳመጫ ማን ጆሮ ላይ እንደነበረ ያኔ ገባት።

አንገቱን እንደደፋ ቀጣዩን ስም ጠራ።