ተገኝተዋል

ሴትዮዋ የተምሩን ካርቶን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ ክዳኑን ከፈተችው። “ብላ ወንድሜ። መዳሜ መኪና ውስጥ እየጠበቀችኝ ነው፤ ሳላመሰግንህ ብሄድ ግን አላህም አይወደውም።” ዓረብ አገር፣ ባዲዓ ሰፈር ውስጥ ሞባይል የሚጠግነው ወጣት አንድ ተምር አንስቶ ጎረሰ። ፖሊስ መኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን ባፈሰ ሰሞን የጠፉ ሐበሾችን ፎቶ የሚያወጣው ድረ ገጽ የእሱ ነበር። “ትናንት ድረ ገጽህን ሳይ ከእህቴ ፎቶ ሥር ‘ተገኝተዋል’ ይላል። ለእናቴ ደወልኩላት፤ በግ አርዳ ሰደቃ አወጣች። የት እንደተገኘች ግን አይልም፤ እስቲ እይልኝ።”

ተምሩን ማኘክ አቃተው። ትናንት የተገኘው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ከኢንተርኔት በነፃ ያወረደው ፕሮግራም ደግሞ በአንዲት መስመር ትእዛዝ ድረ ገጹን በሙሉ ይቀይራል፤ እሱም የተገኘውን ሰውዬ ስም መጻፍ ረስቶ ቁልፉን ተጫነ። ስልሳ ሁለቱም የጠፉ ሰዎች ድረ ገጹ ላይ ባንዴ ተገኙ። ባስር ደቂቃ ውስጥ ወደነበረበት መልሶ፣ ማንም አላየም ብሎ ሻዩን ጠጣ።

“እህትሽ አልተገኘችም” አለ፣ ዓይኑን ከካርቶኑ ሳይነቅል። “ፕሮግራሙ ነው የተሳሳተው።” ፕሮግራሙ ግን የታዘዘውን አንድም ሳያጎድል ነበር የፈጸመው።

ውጭ የመዳሟ መኪና ጡሩምባ ጮኸ። ሴትዮዋ በሻርፗ ጫፍ ዓይኗን ጠረገችና ካርቶኑን ወደ እሱ ገፋ አደረገችው።

“ማሽን ምን ያውቃል፤ አንተማ ለኛ ብለህ ትደክማለህ። ብላ ወንድሜ።”

የመጀመሪያውን ፍሬ ከምላሱ ሥር እንደያዘ፣ ሁለተኛውን ተምር አነሳ።